ከማህፀን ጠባሳ ቀዶ ጥገና በፊት የሚታዘዘው መድኃኒት ምን ይሠራል?

የሳቢያኗ (ድሬዳዋ)፣ ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 34 ሲሆን ሁለቱንም ልጆቼን የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው፤ ትንሹ አሁን አራት ዓመት ሞልቶታል። እሱን ከወለድኩ ወዲህ የወር አበባዬ በአምስተኛው ቀን ያቆምና በማግስቱ የቡና አተላ የመሰለ ጠቆር ያለ ፈሳሽ ይጀምረኛል፤ ሰባት ስምንት ቀን ሳይሞላው አይለቀኝም። በአንድ ክሊኒክ ኢንፌክሽን ነው ተብዬ ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስጄ ጨርሻለሁ፤ ምንም የለወጠው ነገር የለም። ባለፈው ወር ግን አንድ የማህፀን ሐኪም ከታች በሚገባው አልትራሳውንድ ካዩኝ በኋላ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙረው፣ ማህፀኔ የተሰፋበት ቦታ ላይ ትንሽ ጥቁር ሦስት ማዕዘን የምትመስል ጉድጓድ አሳዩኝ። ኢስትሞሲል ይባላል አሉኝ። ከጉድጓዱ በላይ የቀረው የማህፀን ሥጋ 2.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነና ሦስተኛ ልጅ ፈልጌ ሁለት ዓመት ሞክሬ ስላልተሳካልኝ፣ አዲስ አበባ ሄጄ በላፓሮስኮፒ (ሆድ ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ በካሜራ እየታየ በሚሠራ ቀዶ ጥገና) እንዲጠገን ሪፈር ጻፉልኝ።

ጥያቄዬ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ወረፋው እስኪደርስ ሁለት ነገር አዘዙልኝ፤ ደም ማነስን የሚያሳየው ሄሞግሎቢኔ 8.9 ሆኖ ስለተገኘ የአይረን ኪኒን፣ በተጨማሪም በየ28 ቀኑ ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መርፌ ለሦስት ጊዜ። መርፌው የወር አበባን እንደሚያቆም ተነግሮኛል። ይህን ለአማቴ ስነግራቸው «ቢላዋው ካልቀረ መርፌው ለምን አስፈለገ?» አሉኝ፤ እኔም መልስ አጣሁ። ይባስ ብሎ አንዲት ጎረቤታችን እርሷም የኦፕራሲዮን ጠባሳ ችግር ነበረባትና በመርፌ ብቻ ድና ሆዷ ሳይከፈት ቀረ። የእኔስ መርፌ ለምን አያድነኝም? ያለፈበት ወይም የሚያውቅ ካለ በትዕግሥት ያስረዳኝ።

አዋላጇ (ሐረር)፣ ግንቦት 6፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል

እህቴ፣ የአማትሽ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ በማዋለጃ ክፍል በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ለሐኪም በቀጥታ የምትጠይቅ ታካሚ ብዙ አላየሁም። ከጎረቤትሽ ልጀምር። «የኦፕራሲዮን ጠባሳ ችግር» የሚለው አጠራር ቢያንስ ሦስት የማይገናኙ ሕመሞችን በአንድ ከረጢት ይከታል። አንዱ ያንቺ ዓይነት ጉድጓድ ነው። ሌላው እርግዝናው ራሱ ጠባሳው ውስጥ ሲያርፍ ሲሆን እርሱ አስቸኳይና አደገኛ ነው። ሦስተኛው የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ሕዋሳት ሆድ ላይ ባለው የቆዳ ጠባሳ ውስጥ በቅለው በየወሩ የሚያብጡበት ነው። የሦስቱም መድኃኒት የተለያየ ስለሆነ የጎረቤትሽ መርፌ ካንቺ መርፌ ጋር ስሙም ሥራውም ላይገናኝ ይችላል።

ወደ አንቺ ስመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ባለሙያዎች በተስማሙበት ትርጉም መሠረት ኢስትሞሲል ማለት በስፌቱ ቦታ ላይ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ የገባ ጉድጓድ ነው። የወር አበባ ደም ሲፈስ ከፊሉ እዚያ ተጠራቅሞ ይቀርና ዋናው ፈሳሽ ካቆመ በኋላ በቀስታ ይንጠባጠባል፤ የቡና አተላ የመሰለሽ ያ አሮጌ ደም ነው። ኢንፌክሽን ስላልነበረ አንቲባዮቲኩ ምንም ሊለውጥ አይችልም ነበር። የሚጠራቀመው ደም የወንዱን ዘር ጉዞና የጽንሱን መጣበቅ ሊያውክ ይችላል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ሐኪምሽ የመውለድ ፍላጎትሽን ከጉድጓዱ ጋር ማያያዛቸው ትክክል ነው። የቀረው ሥጋ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን አብዛኞቹ ሐኪሞች በማህፀን በር በኩል በካሜራ መሣሪያ (በሂስትሮስኮፒ) ገብተው ከመቁረጥ ይቆጠባሉ፤ ማህፀኑ ሊበሳና ከፊቱ ያለው የሽንት ፊኛ ሊጎዳ ይችላል። ላፓሮስኮፒ የታሰበልሽ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አሁን መርፌው። ጉድጓዱን የሚደፍን መድኃኒት የለም፤ ኪኒንም ሆነ መርፌ የተጎደለውን ሥጋ አያበቅልም። መርፌው የሚሠራው ሌላ ነው። ከአንጎል ወደ እንቁልጢሽ የሚሄደውን ትእዛዝ ስለሚያቋርጥ ለጥቂት ወራት የወር አበባ ይቆማል፤ በዚህም በየወሩ የምታጪው ደም ሰውነትሽ ውስጥ ይቀራል፣ የማህፀኑ ሽፋን ይሳሳል፣ በቀዶ ጥገናው ቀን ሐኪሙ የሚያየው ቦታ የጠራ ይሆናል። ግድግዳ የሚለስን ሰው መጀመሪያ እርጥበቱን እንደሚያደርቀው ማለት ነው፤ ማድረቁ ልስን ባይሆንም እርጥብ ላይ ግን አይለሰንም። ሁሉም ሐኪም ይህን መርፌ እንደማያዝም ልንገርሽ። ብዙዎች የወር አበባው እንደቆመ ባሉት ቀናት ቀጠሮ በመያዝ ብቻ ይሠራሉ፤ በዚያ ጊዜ ሽፋኑ በተፈጥሮው ስስ ነው፣ እርግዝና የመኖሩም ዕድል በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ሐኪምሽን «መርፌው ለደም ማነሴ ነው ወይስ ለቀዶ ጥገናው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። መልሱ ለስንት ወር እንደምትወጊ ይወስናል።

አንድ ነገር ልጨምር። መውለድ የማትፈልግ ሴት ብትሆኚ ኖሮ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ወይም ሆርሞን ያለው ሉፕ ብቻውን ፈሳሹን ሊያስታግስልሽ ይችል ነበር፤ ቀዶ ጥገናም ላያስፈልግሽ ይችል ነበር።

የከዚራዋ (ድሬዳዋ)፣ ግንቦት 7፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

እኔ ይህን መርፌ ሁለት ጊዜ ተወግቼ ባለፈው ዓመት ተሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ። መርፌው እንደ ክትባት መርፌ ቀጭን አይደለም። ውስጡ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጭ እንክብል ስላለች ወፍራም ነው፤ ነርሷ የሆዴን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ይዛ ስታስገባው ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሕመሙ አላፊ ነው፤ ያስደነገጠኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከወትሮው የበዛ ደም ፈሰሰኝ። የወር አበባ ያቆማል የተባለ መድኃኒት ደም ሲያመጣ መርፌው ተሳስቷል ብዬ አለቀስኩ። በኋላ እንደተረዳሁት መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሆርሞኑን ከፍ አድርጎ ነው ዝቅ የሚያደርገው፤ ከዚያ በኋላ ግን አንዲት ጠብታ አላየሁም።

ሌላው ሙቀቱ ነው። እኛ ድሬዎች ሙቀት እናውቃለን ብዬ ነበር። ይህኛው ግን ከውስጥ ነው የሚነሳው፤ ከደረት ጀምሮ ወደ ፊት ይወጣና በሁለት ደቂቃ ውስጥ የለበስሽው ነጠላ ይርሳል፣ ከዚያም ይበርድሻል። በግንቦት ከመወጋት በኅዳር ይሻል ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ፍራሼን በረንዳ አውጥቼ፣ እርጥብ ፎጣ ከራስጌዬ አስቀምጬ አሳለፍኩት። ሄሞግሎቢኔ ግን ከ8.2 ተነስቶ በአሥር ሳምንት 11.6 ደረሰ፤ ስሠራም ደም አልተሰጠኝም።

አባወራው (ድሬዳዋ)፣ ግንቦት 7፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ይቅርታ ይደረግልኝና በወንድነቴ የምጽፈው ባለቤቴም በዚሁ መንገድ ላይ ስለሆነች ነው። መርፌው ርካሽ አይደለም፤ እዚህ በቀላሉ ስለማይገኝ ከአዲስ አበባ ነው የምናስመጣው። ከላይ እንደተጻፈው ጉድጓዱን ካልደፈነ፣ አንዳንድ ሐኪሞችም ያለ እርሱ የሚሠሩ ከሆነ፣ ገንዘቡን ለቀዶ ጥገናው ማዋል አይሻልም ወይ? ደግሞም አጥንት ይጎዳል ሲባል ሰምቻለሁ። ሐኪሞቻችንን ሳላከብር ቀርቼ አይደለም፤ ነገር ግን ሐኪም ሁሉ የሚያዘው ነገር ሁሉ አስፈላጊ ነው ማለት ይከብደኛል።

ፋርማሲስቱ (ድሬዳዋ)፣ ግንቦት 7፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

የአባወራው ጥርጣሬ ሙሉ በሙሉ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን እንደ ታካሚዋ ደም ይለያያል። ሄሞግሎቢኗ 12.5 ለሆነ፣ ቀጠሮዋም በሦስተኛው ሳምንት ለደረሰ ሴት ይህ መርፌ ብዙም የሚጨምርላት ነገር ላይኖር ይችላል። 8.9 ለሆነችና ወረፋዋ ሦስት ወር ለሚቆይ ሴት ግን አይረኑ በአንድ በኩል እየገባ በሌላ በኩል እንዳይፈስስ የሚዘጋላት እርሱ ነው። አንዳንዶች በመርፌው ፈንታ የወር አበባ ማስቆሚያ ኪኒን ወይም በወር አበባ ቀናት ብቻ የሚወሰደውን፣ የደም መፍሰስን የሚቀንሰውን ትራኔክሳሚክ አሲድ ያዝዛሉ፤ ዋጋቸውም ይቀንሳል። አጥንትን በሚመለከት፣ ለሁለትና ለሦስት ወር የሚወሰድ መርፌ የሚያስከትለው መሳሳት መጠነኛ ሲሆን ሲቆም በአብዛኛው ይመለሳል፤ ጥንቃቄው ከ6 ወር በላይ ሲቀጥል ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከአዲስ አበባ ማስመጣቱ ነው። ከእነዚህ መርፌዎች ብዙዎቹ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መቀመጥ አለባቸው ተብሎ ነው የተጻፈባቸው። በዚህ ወር ከተማችን ቀን 35 ዲግሪ በሚደርስበት ጊዜ መርፌውን በአውቶቡስ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ወይም በመኪና መስታወት ሥር አስቀምጦ ማምጣት የተገዛውን መድኃኒት መጣል ነው። ሐረር ላይ ያለ ዘመድ «ቤት ውስጥ አስቀምጬው ምንም አልሆነም» ቢላችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ድሬዳዋ ላይ ግን የቤት መደርደሪያ አይሠራም። በቀዝቃዛ ሣጥን አስመጡ፤ በረዶው ግን መድኃኒቱን እንዳይነካ በካርቶን ለዩት፣ ፍሪዘር ውስጥም አታስገቡት።

አይረኑን በተመለከተ፣ ከሻይ፣ ከቡና፣ ከሆጃና (የቡና ገለባ ወይም ቅጠል በወተት የሚፈላበት) ከቁጢ (የቡና ቅጠል ሻይ) ጋር በተቀራራቢ ሰዓት የሚወሰድ አይረን አብዛኛው ሰውነት ውስጥ አይገባም። ወተቱም ይከለክለዋል፣ የቡናው ገለባና ቅጠሉም ይከለክለዋል፤ ሆጃ ሁለቱንም ስለያዘ የእኛ አካባቢ ሴቶች አይረን እየዋጡ ደማቸው የማይጨምርበት አንዱ ምክንያት እርሱ ይመስለኛል። ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑር፤ በብርቱካን ወይም በሎሚ ውሃ ይወሰድ። ሆድ የሚያስቸግራቸው አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ይችላሉ፤ በዚህ አወሳሰድ ሰውነት ከእያንዳንዱ ኪኒን የሚቀበለው የአይረን ድርሻ ከፍ እንደሚል ጥናቶች አሳይተዋል። ሰገራ መጥቆሩ አያስደንግጣችሁ።

በመጨረሻም ኤስትሮጅን ያለውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ለወራት ስትወስድ የቆየች ሴት ይህን ለሐኪሟ ሳትናገር ወደ ትልቅ ቀዶ ጥገና መግባት የለባትም፤ ኪኒኑ ደም የመርጋት ዕድልን ስለሚጨምር አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ሳምንት በፊት በሌላ ይተካል። በራሷ ግን እንዳታቆመው፤ ድንገት ብታቆመው ደሙ ተመልሶ ይመጣል፣ ሳታስበው ልታረግዝም ትችላለች።

ከጀጎል (ሐረር)፣ ግንቦት 8፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ምናልባት የእኔ ታሪክ የጎረቤትሽን ነገር ይፈታልሽ ይሆናል። ሦስተኛ እርግዝናዬ በስድስተኛው ሳምንት ላይ ሳለ ትንሽ ደም አይቼ ስመረመር፣ ሽሉ የተቀመጠው በቀድሞው የኦፕራሲዮን ስፌት ውስጥ ነበር። ሕመም አልነበረኝም፤ አልጋ ላይ ተኝቼ ሐኪሟ ለረዳቷ በእንግሊዝኛ ስትናገር ፊቷን ብቻ ነበር የማየው። ልጁ ቢያድግ ማህፀኔን ሊቀድ እንደሚችል ከገለጸችልኝ በኋላ በአልትራሳውንድ እየታየ ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት በቀጥታ ወደ ከረጢቱ ተወጋ፤ ከቀናት በኋላም የቀረውን በመምጠጫ አወጡልኝ። መድኃኒቱ ከቀዶ ጥገናው በፊት የተሰጠኝ የደም ሥሩ እንዲደክምና ሲወጣ ብዙ ደም እንዳይፈሰኝ መሆኑን ነገረችኝ።

ጎረቤትሽ በመርፌ ብቻ ድና ከሆነ ዕድለኛ ናት። ይህን ስታወሩ ግን ጠንቀቅ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የእናቶችና የጽንስ ሕክምና ማኅበር ባወጣው መመሪያ ሜቶትሬክሴት በጡንቻ ብቻ ተወግቶ ብቻውን እንዲታከሙበት አይመክርም፤ ብዙ ጊዜ ስለማይበቃና እየተጠበቀ ሳለ ከባድ ደም ሊፈስ ስለሚችል። ከመወጋቴ በፊት የጉበት፣ የኩላሊትና የደም ምርመራ አደረጉልኝ። እርግዝናውን ብዬ እወስደው የነበረውን ፎሊክ አሲድ አስቆሙኝ፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ፎሌትን በመቃወም ስለሆነ ኪኒኑን ብቀጥል ሥራውን ያበላሽበታል። ፀሐይ ላይ እንዳልቀመጥና ለሦስት ወር እንዳላረግዝም ታዘዝኩ። የእርግዝናው ሆርሞን ዜሮ እስኪደርስ በየሳምንቱ ደም እየሰጠሁ ሰባት ሳምንት ተመላለስኩ።

ይህን ያነበበች፣ በኦፕራሲዮን ወልዳ እንደገና ያረገዘች ሴት ሁሉ ገና በስድስተኛውና በሰባተኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ታድርግ። እኔ ደም ባላይ ኖሮ እስከ አራተኛው ወር አልሄድም ነበር።

ስሟን ያልገለጸች (ድሬዳዋ)፣ ግንቦት 8፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ሦስተኛው ዓይነት እኔ ነኝ። ሆዴ ላይ ከስፌቱ በስተቀኝ ጫፍ የባቄላ ፍሬ የምታክል እብጠት በየወሩ ትጠነክርና ታቃጥለኝ ነበር፤ ሄርኒያ ነው ተብዬ ነበር። ዳይኖጄስት የተባለውን ኪኒን በቀን 2 ሚሊ ግራም ለአራት ወር ወሰድኩ። ሕመሙ ጠፋ፤ ሳቆመው ግን በሁለተኛው ወር ተመለሰ፣ ስለዚህ ከነዙሪያው ተቆርጦ ወጣ። ኪኒኑ ለእኔ የጠቀመኝ ልጄ ፈተና እስክትጨርስ ጊዜ መግዛቱ ነው።

የማደንዘዣ ባለሙያው (ሐረር)፣ ግንቦት 9፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ስለታዘዘው መድኃኒት ብዙ ተብሏል፤ ስላልታዘዘው ልናገር። በአካባቢያችን ቀዶ ጥገና ክፍል የሚገቡ ሴቶች ብዙ ጊዜ የማይነግሩን ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው ጫት ነው። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ በማደንዘዣው ላይ እጅግ ያስቸግረናል። ባሏ ወይም አማቷ አጠገቧ ቆመው «ጫት ትቅሚያለሽ?» ብዬ ስጠይቃት «በፍጹም» ያለችኝ እናት መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ግፊቷ ሲለዋወጥ ነው እውነቱን የማውቀው። እኛ የምንጠይቀው ለመውቀስ አይደለም፤ ለብቻችሁ ንገሩን። ሁለተኛው ጥቁር አዝሙድ፣ ብዙ ነጭ ሽንኩርት፣ ከባህል ሐኪም የተገኘ ዱቄትና ሕመም ማስታገሻ ተብለው ከሱቅ የሚገዙት አስፕሪንና ዲክሎፌናክ ናቸው። አንዳንዶቹ የደም መርጋትን ስለሚያዘገዩ የምትወስዱትን ሁሉ በከረጢት ይዛችሁ ኑ፤ ስሙን ማወቅ አይጠበቅባችሁም።

በዕለቱ ከመቆረጣችሁ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር አንድ ጊዜ አንቲባዮቲክ ይሰጣችኋል። ያ ለመከላከል ነው፤ ቤት ውስጥ ቀድማችሁ ኪኒን ገዝታችሁ ብትውጡ የሚጨምረው ጥበቃ የለም። ከምግብ 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ መታቀብ ይበቃል። «ከትናንት ጀምሬ ውሃ አልቀመስኩም» የሚሉ እናቶች በዚህ ሙቀት ደርቀው ይመጣሉ፤ የደም ሥራቸውን ማግኘት ለእኛ ጭንቅ ነው።

የሳቢያኗ (ድሬዳዋ)፣ ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ዘግይቼ ስለተመለስኩ ይቅርታ። የጻፋችሁልኝን በወረቀት ገልብጬ ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። «ለደም ማነሴ ነው ወይስ ለቀዶ ጥገናው?» ብዬ ስጠይቃቸው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና «በዋናነት ለደምሽ ነው፤ ሄሞግሎቢንሽ ቶሎ ከ11 ካለፈ ሦስተኛውን መርፌ አልሰጥሽም» አሉኝ። መጀመሪያውን ከመወጋቴ በፊትም የእርግዝና ምርመራ አሠሩኝ፤ ለካስ ያለዚያ መወጋት የለበትም። ጎረቤቴንም ቀስ ብዬ ጠየቅኋት፤ ነገሩ ከጀጎል የጻፈችልኝ እህቴ እንዳለችው ሆኖ ተገኘ፤ ሜቶትሬክሴት ነበር፣ ልጅም አጥታበታለች። ለሁለት ዓመት «ድናለች» እያልን ስናወራባት መቆየታችን አሳፈረኝ።

የከዚራዋ እንዳለችው ደሙ በአሥረኛው ቀን መጣ፤ ስለነገረችኝ አልደነገጥኩም። ሁለተኛውን መርፌ ሰኔ መጀመሪያ ተወግቻለሁ። ከአዲስ አበባ በቀዝቃዛ ሣጥን ያመጣው ወንድሜ ነበር፤ በረዶውን በካርቶን ለይቶ፣ ሣጥኑን ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ጭኑ ላይ አድርጎ። በትናንትናው ምርመራ ሄሞግሎቢኔ 11.2 ሆኗል፤ ስለዚህ ሦስተኛው ቀርቶልኛል። ሙቀቱስ? አይወራ።

አማቴ አሁን የአይረን ኪኒኔን ሰዓት ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጠዋት ኪኒኑን በብርቱካን ውጬ ሁለት ሰዓት እስኪሞላ የሆጃውን ጀበና ከእጄ አርቀው ያስቀምጡታል። ቀጠሮዬ ነሐሴ 12 ነው፤ ምናልባት ደም ቢያስፈልግ የሚሰጡ ሁለት ዘመዶች አብረውኝ ይሄዳሉ። ከተጠገንኩ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ሳላረግዝ እንድቆይ፣ ካረገዝኩም በቀጠሮ በኦፕራሲዮን እንድወልድ ተነግሮኛል። በዚያ ስድስት ወር ውስጥ የትኛውን የወሊድ መቆጣጠሪያ እንደሚመርጡልኝ ግን አልጠየቅኩም፤ አዋላጇ እህቴ፣ ሉፕ አዲስ በተሰፋ ማህፀን ላይ ወዲያው ይገባል ወይስ ይጠበቃል?

አዋላጇ (ሐረር)፣ ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት

እግዚአብሔር ይመስገን፤ 11.2 ጥሩ ቁጥር ነው። ሉፕ ሲገባ በተሰፋው ቦታ በኩል ስለሚያልፍ ቁስሉ ጠግጎ በአልትራሳውንድ እስኪታይ ድረስ ብዙ ሐኪሞች ሌላ ዘዴ ይመርጣሉ። ከሆስፒታል ከመውጣትሽ በፊት የሠሩሽን ሐኪም ራሳቸውን ጠይቂ፤ ስፌቱን ያዩት እርሳቸው ናቸው። የቀዶ ጥገናውን ሪፖርት ቅጂም ተቀብለሽ ነይ፤ ስትወልጂ እኛ የምንፈልገው እርሱን ነው።